የቤንዚን ፖምፓ ግፊት ሲጐድል ነገሩን ከሥሩ ስለ መመርመር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ታሪክና ስለ ጤና አጠባበቅ መልካም መልካም ነገር አሰምተውናል። እኔ የማቀርበው ነገር ግን ቅባት የነካውና ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ስለ ሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምናገረውም ባለፈው ክረምት በአጎቴ ጋራዥ ስሠራ ስለ ገጠመችኝ ስለ አንዲት መኪና ሕመም ነው፤ ከመኪናይቱም ይልቅ ስለ ራሴ ስሕተት ነው።

መኪናይቱ ሁላችሁም በየጐዳናው የምታውቋት፥ ዲኤክስ እያልን የምንጠራት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ይህች ዓይነት መኪና መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1979 ሲሆን የፋብሪካ ሞተሯ 1,290 ሴንቲ ሜትር ኩብ ስፋት ያለው፥ በካርቡራቶር የሚሠራ ትሑትና ታጋሽ ሞተር ነው። ባለመኪናው ግን ፍጥነት የሚወድ ወጣት ስለ ሆነ ከደመወዙ እየቈጠበ ያንን አስወጥቶ ፎር ኤ ጂ ኢ የተባለውን ባለ 16 ቫልቭና 1,587 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ ኀይለኛ ሞተር አስገባባት። ይህ ሁለተኛው ሞተር ቤንዚኑን የሚያገኘው በካርቡራቶር ሳይሆን ኢንጀክተር በሚባሉ መርጫዎች ነው። ሥራውን የሠራለት ሌላ ጋራዥ ነበረ። ሞተሩ ተለወጠ፤ የቤንዚን ታንኩ፥ ሽቦውና ቱቦው ግን የቀድሞዎቹ እንደ ሆኑ ቀሩ። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

መኪናይቱ በአዲስ አበባ ውስጥ ስትሄድ እንደ ሠጋር በቅሎ ነበረች። ወደ ሞጆና ወደ አዳማ ስትወርድ ግን፥ ያውም የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፥ ታስላለች፤ ኀይሏም ይጠፋል። እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣላት ደግሞ መልሳ ትድናለች። አንድ ቀን ባለቤቱ በአሮጌው መንገድ ከሞጆ ሲመለስ አንድ የተጫነ ከባድ መኪና ለመቅደም ወጥቶ ከጐኑ እኩል እንደ ደረሰ የሞተሩ ትንፋሽ አጠረ። ከፊት ለፊቱ ሌላ መኪና ይመጣ ነበር። ፍሬን ይዞ ከከባዱ መኪና ኋላ ተመልሶ ስለ ገባ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። በማግሥቱ ወደ እኛ መጣ።

በዚያን ዕለት አጎቴ ዕቃ ሊገዙ መርካቶ ሄደው ስለ ነበረ እንግዳውን የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። እሱም፦ «እስካሁን ፖምፓውን ሁለት ጊዜ አስለውጬአለሁ፤ ፊልትሮውም አዲስ ነው። ረጅም መንገድ ስሄድ ይብስባታል፤ መንገድ ላይ ቤንዚን ስቀዳ ግን ለጥቂት ጊዜ ይሻላታል» ብሎ አስረዳኝ። እኔም የፊዚክስ ፈተናዬን በጥሩ ውጤት አልፌ ስለ ነበረ ራሴን እንደ ሊቅ ቈጥሬ፥ የነገረኝን እንኳ በወረቀት ሳልጽፍ፥ «ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ትልቅ ፖምፓው ትንሽ ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ይግዙ» አልኩት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ተረት በእኔ ላይ ተፈጸመ።

ወጣቱ አመነኝ። የሁለት ወር ቍጠባውን አውጥቶ ትልቁን ፖምፓ ገዛ፤ እኔም ገጠምኩለት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። መኪናይቱ ብሶባታል። አልተቈጣኝም፤ «እሺ፥ አሁንስ ምን ልግዛ?» ብቻ አለኝ። ይህች ቃል ከቍጣ ይልቅ አሳፈረችኝ።

አጎቴ ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፦ «ልጄ፥ ፖምፓውን ጠየቅኸው ወይስ ዝም ብለህ ፈረድህበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ምስክር ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ሦስት ጊዜ ቢፈርድ ሦስት ጊዜ ይሳሳታል። ሁለቱን ሌላ ሰው ፈረደ፤ ሦስተኛውን አንተ» ብለው ከመሳቢያቸው ይህን ዕቃ አውጥተው ሰጡኝ።

ይህ በእጄ የያዝኩት የግፊት መለኪያ ማኖሜትር ይባላል። የዚህን ዓይነት መለኪያ ፈረንሳዊው ኤውጄን ቡርዶን እ.ኤ.አ. በ1849 በስሙ አስመዝግቦታል። በውስጡ እንደ ማጭድ የታጠፈ ጠፍጣፋ የብረት ቱቦ አለ። ግፊት ሲገባበት ቱቦው ሊቃና ይሞክራል፤ ያችን ጥቂት እንቅስቃሴ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች አብዝተው መርፌውን ያዞሩታል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሦስት ፖምፓ ዋጋ ከመክሰር ያድን ነበር።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት ያስፈልገናል። ግፊትና የሚፈሰው ብዛት አንድ አይደሉም። በግቢያችን ያለውን የውሃ ቧንቧ አስቡ። ጎረቤቱ ሁሉ ተኝቶ ሳለ ሌሊት ብትከፍቱት በኀይል ይወርዳል። ጧት ሁሉም ባልዲውን ይዞ በየቤቱ ሲከፍት ግን ያው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ቧንቧው ሌሊት ጤነኛ ጧት በሽተኛ ሆኖ አይደለም። መጥበቡ ሌሊትም ነበረ፤ የታየው ግን ብዙ ሲጠየቅ ነው።

በመኪናይቱም እንዲሁ ነው። ፖምፓው ሞተሩ ከሚጠጣው አብልጦ ይገፋል፤ የግፊት መጣኝ የሚባለው ክፍል ደግሞ ትርፉን በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንኩ ይሰዳል፤ በኢንጀክተሮቹ ላይ ያለውንም ግፊት በሞተሩ የአየር ማስገቢያ ውስጥ ካለው ግፊት ዘወትር በ3 ባር ያህል ከፍ አድርጎ ይጠብቃል። አንድ ባር ማለት በባሕር ጠለል ላይ አየሩ የሚጫነን ግፊት ያህል ነው። የካርቡራቶር ሞተር ፖምፓ የሚሰጠው የዚህን የ3 ባር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ትርፍ እስካለ ድረስ መርፌው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሞተሩ የሚጠጣው ከሚመጣለት ሲበልጥ ግን ግፊቱ ይወድቃል፤ መርጫው የሚሰጠውም ቤንዚን ያንሳል።

ቤንዚን ማነሱ ኀይል ከመቀነስ የባሰ ጣጣ አለው። አንድ ኪሎ ቤንዚን ተስተካክሎ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሙሉ ኀይል ሲጠየቅ ድብልቁ ከዚህም ይልቅ ቤንዚን እንዲበዛበት ይደረጋል፤ ሙቀቱን የሚያበርደው ይህ ነውና። በዚያ ሰዓት ቤንዚን ካጠረ ቃጠሎው ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ሞተሩም ያንኳኳል፤ ነገሩ ከቀጠለ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ስለዚህ «ትንሽ ታስላለች፤ ግድ የለም» እያሉ መንዳት ሞተሩን በገዛ እጅ መግደል ነው።

መኪናይቱ በከተማ ውስጥ ደኅና ሆና ቈላ ስትወርድ ለምን ትታመማለች? መልሱ ከአገራችን አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ ግፊቱም 0.76 ባር ያህል ነው። አዳማ 1,600 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነች በዚያ ግፊቱ ወደ 0.83 ባር ይጠጋል። እንግዲህ ሞተሩ ወደ ታች ሲወርድ በየትንፋሹ አንድ አሥረኛ ያህል ተጨማሪ አየር ይስባል፤ ቤንዚንም በዚያው ልክ ይጨምራል። ይህ ሞተር በባሕር ጠለል ሙሉ ኀይሉን ሲያወጣ በሰዓት 40 ሊትር ያህል እንደሚጠጣ ገምተን በሒሳብ ብናወርደው በአዲስ አበባ 30፥ በአዳማ 33 ሊትር ያህል ይሆናል። እነዚህን ቍጥሮች ኋላ እንመለስባቸዋለን።

አሁን አጎቴ ካስተማሩኝ ጥያቄዎች እያንዳንዱን በተራው ልንገራችሁ።

አንደኛው ጥያቄ፦ መኪናይቱ ቆማ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ግፊቱ ስንት ነው? ማኖሜትሩን በቤንዚኑ መስመር ላይ ገጥመን አየን፤ 2.6 ባር አለ። ከአየር ማስገቢያው ወደ መጣኙ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ስንነቅለው ወደ 3 ወጣ። ይህ ልክ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳልና። ሞተሩን ስናጠፋም መርፌው ወዲያው አልወደቀም። ስለዚህ መጣኙ ነጻ ወጣ፤ መርጫዎቹም እንደማያፈሱ ታወቀ። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ «ግፊቱ ደኅና ነው» ብለን ተሳስተን ነበር። የሌሊቱን ቧንቧ አስታውሱ።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሞተሩ በጠማው ጊዜስ? የቤንዚን ግፊት ወደ መኪና ውስጥ ማስገባት አደገኛ ስለ ሆነ መለኪያውን ከውጭ በፊተኛው መስታወት ላይ አጥብቀን አሰርነው። አጎቴ ነዱ፤ እኔ ከጐናቸው ተቀምጬ ጻፍኩ። መንገዱ ነጻ በሆነበት ዳገት ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ መርፌው ከ3 ወደ 2.4፥ ከዚያም ወደ 1.8 ወረደ፤ መኪናይቱም አሳለች። አጎቴ እግራቸውን ሲያነሡ ወደ ቦታው ተመለሰ። አሁን ጥርጣሬው ማስረጃ ሆነ፦ የሚመጣው ቤንዚን ያንሳል። ነገር ግን ያነሰው በፖምፓው ጥፋት ነው ወይስ ፖምፓው ራሱ የተነፈገው ነገር አለ?

ሦስተኛው ጥያቄ፦ በ30 ሴኮንድ ስንት ይቀዳል? ሞተሩን አጥፍተን የመመለሻ ቱቦውን በመለኪያ ዕቃ ውስጥ አድርገን ፖምፓውን ብቻ ለ30 ሴኮንድ አሠራነው። የተቀዳው ሩብ ሊትር ነው። ሩብ ሊትር በ30 ሴኮንድ ማለት በሰዓት 30 ሊትር ማለት ነው። ቅድም ያሰብነውን ቍጥር አስታውሱ፤ በአዲስ አበባ ልክ የሚበቃ፥ በአዳማ የማይበቃ! መኪናይቱ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ እንደ ነበረች ያን ጊዜ ገባኝ።

አራተኛው ጥያቄ፦ ፖምፓው ኤሌክትሪኩ ይደርሰዋልን? ቴስተር ይዘን ፖምፓው እየሠራ ሳለ ባትሪው ላይ ስንለካ 12.4 ቮልት ነበረ። በፖምፓው ጫፍ ላይ ግን 8 ቮልት ብቻ ደረሰ። 4.4 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የት እንደ ቀረ ለማወቅ ደግሞ መስመሩን ከፍለን ለካን፤ 2.6 ቮልት የጠፋው በአዎንታዊው ሽቦ ላይ፥ 1.8 ቮልት የጠፋው ፖምፓው ወደ መኪናው አካል በታሰረበት ቦታ ላይ ነው። ሽቦው ከኋላ መብራት የተጠለፈ ቀጭን ሽቦ ነበረ፤ ማሰሪያው ብሎን ደግሞ በቀለምና በዝገት ላይ ተጠብቋል። የሚሄደው ኤሌክትሪክ 8 አምፔር ስለ ነበረ፥ ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት 4.4 ለ8 ሲካፈል ተቃውሞው 0.55 ኦም ይሆናል። ቍጥሩ ሲያዩት ኢምንት ነው፤ ነገር ግን 35 ዋት ያህል ኀይል በከንቱ ወደ ሙቀት ይለውጥ ነበር። ሽቦውን ስነካው ትኵስ ነበረ። ከሳምንት በፊት እጄን ብዘረጋ ይህንኑ ባገኘሁ ነበር!

ትልቁ ፖምፓዬ ነገሩን ለምን እንዳባሰውም ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። ትልቅ ፖምፓ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ በዚያው ቀጭን ሽቦ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት ይበዛል። የተራበን ሰው ከባድ ሸክም አሸክሜው ኖሯል።

ከባትሪው ጀምረን በፊውዝ የተጠበቀ ወፍራም ሽቦ ዘረጋን፤ በመካከሉ ሪሌ አገባን፤ ማሰሪያውንም እስከ ብረቱ ድረስ ፍቀን አጠበቅን። በፖምፓው ጫፍ 12.1 ቮልት ደረሰ፤ በ30 ሴኮንድም አንድ ሙሉ ሊትር ቀዳን። እኔ ተደስቼ «አበቃ!» አልኩ። አጎቴ ግን፦ «መንገድ ሳያይ አላበቃም» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። እስከ ሞጆ ደርሰን ሽቅብ ስንመለስ መጀመሪያ ላይ መርፌው በ3 ላይ ቆመ፤ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ወደ 2.2 ወረደ፤ ፖምፓውም እንደ ትንኝ ይጮኽ ጀመረ። አጎቴ መኪናይቱን ከመንገድ አውጥተው አቆሙና፦ «ባለመኪናው በመጀመሪያው ቀን ምን ነበር ያለህ? ሁሉንም ንገረኝ» አሉኝ። አሰብኩ፤ አሰብኩና ላብ አጠመቀኝ። «ቤንዚን ስቀዳ ለጥቂት ጊዜ ይሻላታል ብሎኝ ነበር» አልኳቸው። ምንም ሳይናገሩ ወርደው የታንኩን ክዳን ከፈቱ። ታንኩ ፉ... ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሳበ።

አምስተኛው ጥያቄ ይህ ነበረ፦ ታንኩ ይተነፍሳልን? ከታንክ ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። አለዚያ በውስጡ ባዶነት እየበረታ ፖምፓው ቤንዚኑን መሳብ ያቅተዋል፤ ቤንዚኑም በመሳቢያው ቱቦ ውስጥ ይተናል፤ ፖምፓውም ፈሳሽ ሳይሆን እንፋሎት ይውጣል፤ የሚጮኸውም ለዚህ ነው። ከታንኩ በላይ ያለችውን ትንሿን የመተንፈሻ ቱቦ ተከትለን ብንሄድ ጫፏ በብሎን ተደፍኖ አገኘነው። ሞተሩን የለወጠው ሰው የካርቡራቶሩ ትርፍ ቱቦ መስላው ደፍኗታል። ብሎኑን አወጣነው፤ ቆሻሻ እንዳይገባባትም ትንሽ ፊልትሮ አደረግንላት። ዋጋውም ከአንድ ስኒ ቡና ብዙ አይበልጥም ነበር። ከዚያ በኋላ አዳማ ደርሰን ተመለስን፤ መርፌውም ከ3 ፈቀቅ አላለም።

ከቀድሞዎቹ ፖምፓዎች አንዱ በመኪናይቱ ኋላ ተጥሎ ስለ ነበረ በአዲሱ ሽቦ ሞከርነው። በ30 ሴኮንድ 0.8 ሊትር ሰጠ፤ በሰዓት 96 ሊትር ማለት ነው። ከበቂ በላይ ነበረ። ያለ ጥፋቱ ተፈርዶበት ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ይህን ሰምታችሁ በቤታችሁ መኪና ላይ ልትሞክሩ የምትሹ ብትኖሩ ጥንቃቄውን ሳልነግራችሁ አልወርድም። የቤንዚን እንፋሎት ከእሳት ብቻ ሳይሆን ከትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታም ይቀጣጠላል። ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን፤ የእሳት ማጥፊያ በአጠገባችሁ ይኑር፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይቅረብ። መስመሩ ሞተር ከጠፋ በኋላም ግፊት ስለሚይዝ ከመፍታታችሁ በፊት ግፊቱን አውጡት። ለካርቡራቶር የተሠራ ስስ ቱቦ በኢንጀክተር መስመር ላይ አይገባም፤ ይፈነዳልና። ደግሞም ፖምፓው ሞተሩ ሲቆም አብሮ እንዲቆም መደረግ አለበት፤ አለዚያ መኪናው ቢገለበጥ ፖምፓው በእሳት ላይ ቤንዚን እያፈሰሰ ይቀጥላል። ከሁሉም በላይ ዐዋቂ ሰው ሳይኖር አትንኩት።

እንግዲህ ከዚህች አሮጌ መኪና ምን ተማርኩ? አንደኛ፥ ባለቤቱ የሚናገረውን ሁሉ መስማትና መጻፍ። ሁለተኛ፥ ከመለወጥ በፊት መለካት፤ ያውም ችግሩ በሚታይበት ሰዓትና ቦታ መለካት። ሦስተኛ፥ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፤ ሁለት ነገር ባንድነት የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ረዳው አያውቅም። አራተኛ፥ አንዱን ክፍል ያሳደገ ሰው የቀሩትን ክፍሎች ሁሉ መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ሲሉ የተናገሩት ለፍርድ አደባባይ ብቻ አልነበረም።

የትልቁን ፖምፓ ዋጋ ከክረምቱ ደመወዜ ከፍዬ ለወጣቱ መለስኩለት። መጀመሪያ አልቀበልም ብሎኝ ነበር፤ አጎቴ ግን «ተቀበለው፤ ትምህርት ቤትም ያስከፍላል» አሉት። ፖምፓውም ዛሬ በጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሊገዙ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አጎቴ ግን አይሸጡትም። ሳልጠይቅ ልፈርድ ስቃጣ ወደ እሱ ብቻ ያመለክቱኛል።